ሁለት ማረሻ፣ አንድ መደብ

ጥቁር አፈር የሚያርስ ገበሬ ፈተናው ውኃ ነው፤ በበጋ ማጣቱ፣ በክረምት መብዛቱ። አፈሩ በደረቅ ወራት ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሰኔ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ያብጥና ስንጥቁን ሁሉ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውኃ መግቢያ ስለሌለው ማሳው ላይ ተኝቶ ይከርማል። የስንዴው ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ በሬውም ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ጉልበቱ ያልቃል። በሸዋ መረሬ፣ በሌላው አገር ዋልካ የሚባለው ይህ መሬት በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል፤ በአፍሪካ ከሱዳንና ከቻድ ቀጥሎ የሚጠቀስ ስፋት ነው። ከግማሽ በላዩ የሚገኘው ሰውም ከብትም በብዛት በሰፈረበት ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው። አፈሩ በተፈጥሮው ለም ነው። የሚያስቸግረው ባሕርይው ነው።

ገበሬው ለዚህ የራሱ መላ አለው፦ ይጠብቃል። ዋናው ዝናብ እስኪያልፍ መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ያቆየዋል፤ ከዚያ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ሽምብራውን፣ ጓያውን፣ ምስሩን ዘርቶ አፈሩ አምቆ በያዘው እርጥበት ያበቅላል። ጤፍ ውኃ ስለሚችል ቀደም ብሎ ይገባል። ይህን ያየ የከተማ ሰው «ዝናብ እያለ መሬት ጦሙን ያድራል» ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ ፍርዱ ግን ችኩል ነው። ስንዴውን በሰኔ ዘርቶ ለውኃ ከመገበር፣ በመስከረም ሽምብራ ዘርቶ ጥቂትም ቢሆን ወደ ቤት ማስገባት እንደሚሻል ገበሬው ያውቃል። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ሰማይ በሚከፈትባቸው ሳምንታት የታረሰው መሬት ሰብል ሳይሸፍነው ራቁቱን ይከርማል፣ አፈሩም ከጎርፉ ጋር ይሄዳል።

በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ በእነዋሪ አካባቢ ግን ሌላ መላ ነበር። ገበሬው የመጨረሻውን እርሻ ጨርሶ ዘሩን ከበተነ በኋላ ቤተሰቡ ማሳው ላይ ይወርዳል። ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው እርጥቡን አፈር በእጃቸው ከቦዩ እያፈሱ ወደ መደቡ ይከምራሉ። አንዱ መደብ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። መደቡ ከፍ ይላል፣ ቦዩ ይጎደጉዳል፣ ትርፉ ውኃ በቦዩ ይወርዳል፣ ዘሩም ከላይ አየር እያገኘ ይበቅላል። በሌላው አገር ያለ ገበሬም በማረሻው አልፎ አልፎ ፈሰስ ያወጣል። የእነዋሪው የሚለየው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር መደብ በመደብ ማድረጉ ነው። ከእናት ከአባት የተወረሰ ጥበብ ነው፤ ማንም የልማት ሠራተኛ አላስተማራቸውም። ግን ወገብ ይቆርጣል። በክረምት ብርድ፣ በጭቃ ውስጥ፣ በባዶ እጅ አንድን ማሳ በዚህ ዓይነት መጨረስ የሚቻለው ብዙ እጅ ያለው ቤተሰብ ብቻ ነው። የጥበቡ ወሰንም እዚያ ላይ ነበር። እጅ ያነሰው ቤት መደቡን እያወቀው ሊያወጣው አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1986 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዚህ አፈር ላይ አብሮ ለመሥራት አምስት ተቋማት ተጣመሩ። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ)፣ በሕንድ አገር ከሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቼሩ ላይ ያለው ኢክሪሳት፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲና የግብርና ሚኒስቴር ነበሩ። የእንስሳት ማዕከል በእርሻ ዕቃ ጉዳይ ምን አገባው የሚል ይኖራል። በደጋው አገር ግን በሬ ያለ ገለባ፣ ገለባ ያለ በሬ አይኖርም። ማሳው ቢሻሻል ገለባው ይበዛል፤ ገለባው ቢበዛ የሚያርሰው በሬ ይበረታል። የጅሩ ሰንጋ በበዓል ገበያ ስሙ የሚጠራው እኮ ከዚሁ ከጥቁር አፈር በሚወጣ መኖ ነው።

ከአምስቱ አንዳቸውም ብቻቸውን ሙሉ መልስ አልነበራቸውም። ኢክሪሳት የሕንድ ጥቁር አፈር ላይ ለዓመታት የሠራበት የሰፊ መደብና ቦይ ዕውቀት ነበረው። ኢልካ ስለ በሬ ጉልበትና ስለ እርሻ ዕቃ የሚያጠኑ ሰዎች ነበሩት። የአገር ውስጡ ምርምርና ዩኒቨርሲቲው ዘሩን፣ አረሙን፣ ማዳበሪያውን ያውቁ ነበር፤ ግብርና ሚኒስቴር ደግሞ ገጠር ውስጥ ሰው ነበረው። የእነዋሪ ቤተሰቦች የያዙት ግን ከሁሉም የሚቀድም ነበር ብዬ አምናለሁ። መደቡ በእኛ አፈር፣ በእኛ ዝናብ፣ በእኛ ሰብል እንደሚሠራ ለዘመናት በማሳ ላይ የተፈተነው በእነሱ እጅ ነው። ስለዚህ ለተመራማሪዎቹ የቀረበው ጥያቄ ጠበበ፤ ጠቦም ጠራ። መደብ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ተመልሶ ነበር። የቀረው ይህን በእጅ የሚሠራ ሥራ በሬ እንዴት ይሥራው የሚለው ነው።

ለዚህም ከሕንድ የሚመጣ ዝግጁ መልስ ነበር። በፓታንቼሩ የምርምር ጣቢያ መደቡን የሚያወጣው በሁለት ጎማ ላይ የቆመ፣ በጥንድ በሬ የሚጎተት ብረት ነበር። ማረሻውን ነቅለህ መዝሪያ፣ መዝሪያውን ነቅለህ መኮትኮቻ፣ እሱንም ነቅለህ ጋሪ ልታደርገው ትችላለህ። የዚህ ቤተሰብ ዕቃዎች ታሪክ ዣን ኖል የተባለ ፈረንሳዊ በ1950ዎቹ ሴኔጋል ውስጥ ከሠራው ይጀምራል። በወረቀትም በጣቢያም ሲታይ እንከን የማይወጣለት ነበር። በ1988 ፖል ስታርኪ የተባለ የእንስሳት ጉልበት ተመራማሪ የእነዚህን ዕቃዎች የሠላሳ ዓመት ታሪክ መርምሮ መጽሐፍ አሳተመ፤ የመጽሐፉ ርእስ ዕቃዎቹ ፍጹም እስኪሆኑ ተሻሽለው ሳለ ተቀባይ ማጣታቸውን የሚናገር ነው። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ከአርባ አምስት በሚበልጥ ዓይነት ወደ 10,000 የሚጠጉ ተሠርተው ነበር። ለታለመላቸው ብዙ ሥራ ለዓመታት የተጠቀመባቸው ገበሬ ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ዋጋቸው ከገበሬው አቅም በላይ ነው፣ ይከብዳሉ፣ በትንሽ ማሳ ውስጥ አይዞሩም፣ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መግጠም ያሰለቻል። ሁሉን እንዲሠሩ ስለታሰቡ እያንዳንዱን ሥራ ከተራው ዕቃ ባነሰ ጥራት ይሠራሉ።

በስታርኪ ምርመራ ውስጥ እኔን ከሁሉ የነካኝ ብረቱ አይደለም። በየአገሩ ያሉ ጣቢያዎች የሌላውን ጣቢያ መልካም ዘገባ እያነበቡ፣ «እዚያ ሠርቷል፣ እዚህም ይሠራል» እያሉ ሠላሳ ዓመት መቀጠላቸው ነው። ዘገባዎቹ ዕቃው በጣቢያ ውስጥ ምን ያህል እንዳረሰ ይናገራሉ፤ ገበሬው ለምን እንደ ተወው የሚናገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ገበሬው የተጠየቀው ዕቃው ካለቀ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ የቀረለት ምርጫ መቀበል ወይም መተው ብቻ ነው። እሱም ተወው።

የኢትዮጵያው ቡድን ሌላ መንገድ ያዘ። በገበሬው ቤት ግድግዳ ላይ ከተንጠለጠለው ዕቃ ተነሣ። ሁለት ተራ ማረሻ ወሰደ። ማረሻ ስንል ብረቱን፣ ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ወገሉን፣ ግራና ቀኝ የሚታሰሩትን ሁለት ድግሮች ነው። ሞፈሮቹን አሳጥሮ ጎን ለጎን አድርጎ በአግድም እንጨት አያያዛቸው፤ አንድ ቀንበር፣ አንድ ጥንድ በሬ፣ አንድ አራሽ። ወደ ውስጥ በሚመለከተው በኩል በድግሩ ፋንታ አፈር የሚገለብጥ ሰፋ ያለ ክንፍ ገባ። ሁለቱ ማረሻዎች ሁለት ቦይ እየቀደዱ ሲሄዱ ክንፎቹ አፈሩን ወደ መሐል ይገፉታል፤ ከኋላ የሚጎተት ሰንሰለት ደግሞ የመደቡን ጀርባ እያስተካከለ የተበተነውን ዘር ያለብሰዋል። በአንድ ጉዞ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መደብ፣ በጎኑም ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦይ ይወጣል። የእነዋሪ እናት ጎንበስ ብላ በእጇ የምትሠራው ሥራ በሬው ጀርባ ላይ ተጫነ። በግብርና ሠራተኛው አፍ ከእንግሊዝኛው «ብሮድ ቤድ ሜከር» አጥሮ ቢቢኤም ተባለ፤ በአማርኛ የጥቁር አፈር ማጠንፈፊያ ይሉታል።

የመጀመሪያው ዓይነት እንከን አልባ አልነበረም። ከብዶ ነበር። ተራ ማረሻ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ከቤት ማሳ፣ ከማሳ ማሳ የሚወስደው ነው፤ መሬቱ እዚህም እዚያም የተበጣጠሰ ገበሬ ደግሞ ይህን በየቀኑ ያደርገዋል። ሁለት ማረሻ ተጣምሮ ሲከብድ መሸከሙም፣ ለበሬው መጎተቱም፣ ዳር ላይ መዞሩም ያደክማል። ይህ ቅሬታ ወደ ተመራማሪዎቹ ተመለሰ። ሞፈሮቹን ከማሳጠር ይልቅ የሁለቱን ተራ ማረሻ ጫፎች ከፊት አቀራርቦ በሦስት ማዕዘን ማሰር፣ የእንጨቱንም ክንፍ በብረት መተካት መጣ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ማረሻውን ማበላሸት አላስፈለገውም። ፈትቶ ወደ ተራ እርሻው፣ ሲፈልግ መልሶ ወደ መደብ ማውጫው ይወስደዋል። የሚገዛው ክንፉን ብቻ ነው፤ ቢሰበር በአካባቢው ያለ ቀጥቃጭ ይጠግነዋል። የሕንዱ ባለ ጎማ ዕቃ ብዙ ሥራ እንዲሠራ ታስቦ ተሠርቶ አልተሳካለትም። ይህኛው ደግሞ የገበሬው የራሱ ስለሆነ ብቻ ለብዙ ሥራ የሚሆን ሆነ።

ኢልካ ገበሬን መስማት ከባድ ትምህርት ሆኖበት እንደ ነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማዕከሉ በአንድ በሬ የሚታረስበትን ቀንበርና የተሻሻለ ማረሻ ሠርቶ ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው። ብዙ ገበሬ ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ በድርቅ ጊዜም ስንቱ በሬ አለቀ። ለገበሬዎች ተሰጠ፣ ተሞከረ፣ አልዘለቀም። አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ዛሬ የአንተን ነገ የእኔን እያለ በጥንድ ያርሳል። ችግሩን የሚፈታ ማኅበራዊ ሥርዓት ከዕቃው በፊት ነበረ፤ ያውም በአንድ በሬ ጥቁር አፈርን ከመቧጨር ይልቅ በጥልቀት የሚያርስ። መቀናጆን ያላየ ፈጠራ ገበሬው የሌለበትን ችግር ሊፈታ ይነሣል።

ማጠንፈፊያው በእነዋሪ፣ በአድአ፣ በጊንጪ፣ በወሎ ደጎሎ በገበሬ ማሳ ላይ ተሞከረ። ትልቁ ለውጥ ጊዜ ነው። ውኃው ሲወጣ ስንዴን በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ መዝራት ተቻለ። ሰብሉ ከተለመደው ቀድሞ ይደርሳል፤ ጎተራ በሚራቆትበት፣ እህልም በሚወደድበት ወቅት ቤት ይገባል። ዋናው ዝናብ የሚመታው ባዶ አፈርን ሳይሆን የበቀለ ሰብልን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ዕቃው ለሁሉም ሰብል መድኃኒት አልነበረም። ጤፍ ውኃ ስለሚችል መደቡ ብዙም አይጨምርለትም። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጨፌ ዶንሳ ላይ በተደረገ ሙከራ መደብና ቦይ የምስርን ምርት በሄክታር ከ1029 ወደ 1632 ኪሎ ግራም ሲያሳድገው፣ ለስንዴና ለጤፍ ከሁሉ የበለጠ ያስገኘው ማሳውን ደጋግሞ ማረስን መቀነስ ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ሳይሸፋፈን መነገሩ በጣም ጥሩ ነው። ገበሬው የምስሩን ማሳ መደብ አድርጎ የጤፉን እንዳለ ሊተወው ይችላል፤ «ጥቅሉን በሙሉ ካልወሰድክ» ብሎ የሚያስጨንቀው ሰው ከሌለ።

ከዕቃው ይልቅ ያስቸገረው ውኃው ነው። ከእኔ ማሳ የወጣ ውኃ የት ይሄዳል? ወደ ጎረቤቴ። የእኔ ቦይ የእሱን ሽምብራ ካጠበ ምርቴ በእሱ ኪሳራ የመጣ ነው፤ ጠቡም ለሽማግሌ ይተርፋል። ቀድሞ የደረሰው ስንዴዬም ብቻውን ከቆመ የአካባቢው ወፍና ልቅ ከብት ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ገበሬ ብቻውን ዕቃውን ገዝቶ ብልህ ሊሆን አይችልም። የአጎራባች ማሳዎች ባለቤቶች አብረው ተነጋግረው ዋናውን ማስወገጃ መቅደድ፣ ተዳፋቱን አይቶ ቦዩን ለስለስ ባለ ዘንበል ማውረድ፣ የሚዘሩበትንም ጊዜ ማቀራረብ አለባቸው። ተራራማ አገር ላይ በቁልቁለት የተቀደደ ቦይ ራሱ ገደል ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ከሁሉ በኋላ የደረሱበት፣ ከሁሉም በላይ ያዘገያቸው ይህ ይመስለኛል። የሠሩት መሣሪያ የግለሰብ ነው፤ የሚሠራው ግን በሠፈር ስምምነት ነው። በቅርብ ዓመታት ስንዴ በኩታ ገጠም መዘራቱ ለዚህ መልካም አጋጣሚ ነው። ማሳዎቹ ተያይዘው አንድ ሰብል በአንድ ጊዜ ከተዘራ ማስወገጃውን ማገናኘት ይቀላል። ይህን ዕድል ትራክተርና ማዳበሪያ በማድረስ ብቻ ማሳለፍ ያሳዝናል።

በ1993 በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለ የግብርና ፕሮግራም ማጠንፈፊያውን ለጥቁር አፈር ከሚያስተዋውቃቸው ዘዴዎች አንዱ አድርጎ ወደ ገጠር አወጣው፤ የግብርና ቢሮዎችም ተከተሉ። መስፋፋቱ ፈጣን አልነበረም። በሬ ያጣ፣ በሬው የከሳ፣ ማሳው ከጎረቤቱ ጋር ያልተስማማ ገበሬ ዕቃው ቢሰጠውም ጥግ ላይ ያቆመዋል። ግን ሐሳቡ አልሞተም። በኋለኞቹ ዓመታት በአስተራረስ ዘዴ ላይ ዶክትሬቱን የሠራው መለሰ ተመስገን ያቋቋመው አይባር የተባለ ድርጅት በነባሩ ማረሻ ላይ የሚገጠም፣ ከቀድሞው የቀለለ ማጠንፈፊያ እዚሁ አገር አምርቶ ለገበሬ አቀረበ። ከ1986ቱ ጀምሮ ያለውን መንገድ ስናይ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ዕቃውን ያቀለለና ወደ ተራው ማረሻ ያስጠጋ ነው። ምርምሩ በሄደ ቁጥር ወደ ገበሬው ቤት ግድግዳ ተመለሰ።

ያልተፈታው ጉዳይ አረም ነው። ቀድሞ የተዘራ ማሳ ላይ አረሙም ቀድሞ ይበቅላል፤ መሬቱ በዝናቡ ጊዜ ተደጋግሞ ሲታረስ ይሞት የነበረው አረም አሁን ከስንዴው ጋር አብሮ ይነሣል። ማረሙን የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ማጠንፈፊያው መደብ ከመከመር ያሳረፋቸው እነዚያው እጆች መደቡ ላይ ተንበርክከው አረም ሊነቅሉ ተመለሱ ማለት ነው። በ1986 ሁሉም ነገር ከእነሱ እጅ ሥራ ተጀምሮ ሳለ፣ ዕቃው ሲሞከር እርፍ ይዞ «ይከብዳል፣ አይከብድም» ያለው ወንዱ ነበር፤ ክብደቱ ተቀነሰ፤ ድካሙ የተሰማለት ሰው ዕቃው ተስተካከለለት። አሁን በየምርምር ጣቢያው ለጥቁር አፈር አዲስ ነገር የሚሠሩ ወጣት መሐንዲሶች አሉ። በሐምሌ አጋማሽ እነዋሪ ሄደው፣ መደቡ መሐል ከሚያርሙት ጋር ጎንበስ ብለው አንድ ቀን ቢውሉ የሚቀጥለው ዕቃ ለማን፣ ለየትኛው ሥራ፣ በምን ክብደት መሠራት እንዳለበት የሚነግሯቸው እነዚያ ሴቶች ናቸው።